አሮጌ ላንድክሩዘር በደሴና በኮምቦልቻ፦ ስለ ጥገናና ማሻሻያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የምንመልሰው በወሎ መንገዶች ላይ ዛሬም በብዛት ስለሚታየው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር (ዋን ኤችዜድ) ላንድክሩዘር ነው። ከፊት ባሌስትራ (የተደራረበ የብረት ቅጠል) ካለው 75 ነው፤ ከፊት ሞላ ካለው ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው 78 ወይም 79 ነው። ቱ ኤች ወይም ስሪ ቢ ሞተር ላላቸው የቆዩ መኪኖችም ከታይሚንግ ቺንጊያው (የቫልቮቹን ጊዜ ከሞተሩ ዙር ጋር ከሚያስማማው ቀበቶ) በስተቀር አብዛኛው ይሠራል፤ የእነሱ ታይሚንግ በጥርስ ነው የሚዞረው።

መኪናውን ገና መግዛቴ ነው። ከምን ልጀምር?

ከጌጥ አይጀምሩ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወጡት የሞተሩን ማቀዝቀዣ፣ ሲወርዱት ፍሬኑን ይፈትናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለራዲያተርና ለፍሬን ይዋል፤ ቀጥሎ ለፊት እግር፣ ከዚያ ለታይሚንግ ቺንጊያ። መኪናውን ከፍ ማድረግ፣ ትልልቅ ጎማና ዊንች ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጡት።

ሻጩ «ዘይቱን አሁን ነው የቀየርኩት» ቢልም ሁሉንም ዘይት ይቀይሩ። ሞተሩ ከፊልትሮው ጋር 10 ሊትር ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው 15ደብሊው-40 የናፍጣ ሞተር ዘይት ይይዛል፤ 9 ሊትር ጨምረው የቀረውን በመለኪያው ዘንግ እያዩ ይሙሉ። በዚህ አቧራና ዳገት ከ5,000 ኪሎ ሜትር ባያሳልፉት ይሻላል። ለዲፈረንሻል ጂኤል-5 የሆነ 90 ቁጥር፣ ለካምቢዮ (ለማርሽ ሳጥኑ) ግን ጂኤል-4 ይግዙ፤ በጂኤል-5 ውስጥ ያለው ቅመም ማርሽ የሚያስማሙትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል። ልኩ ዘይቱ በመሙያው ቀዳዳ መንጠባጠብ ሲጀምር ነው። አንድ ነገር አይርሱ፦ ማፍሰሻውን ከመንካትዎ በፊት የመሙያውን ቡሎን ይፍቱ። ዘይቱን ደፍተው መሙያው አልፈታ ካለ መኪናው እዚያው ቀረ ማለት ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ውሃ ያፈላል። ራዲያተሩን አስጠርጌአለሁ፣ ግን አልተሻለውም።

ከሁሉ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ይመልከቱ። ርካሽ ነው፤ በከፍታ ላይ ግን ሥራው ትልቅ ነው። ደሴ ላይ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ደኅና ክዳን 0.9 ባር ያህል ግፊት ስለሚይዝ የመፍያውን ልክ ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ሞላው የደከመ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቅና ሞተሩ በተለመደው የሥራ ሙቀቱ ላይ እያለ ውሃው ይንተከተካል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «ቴስታታው ሄዷል» (የሞተሩ የላይኛው ራስ ማለት ነው) ብሎ ሞተር ያስፈታል። ሞተሩ ሲሞቅ የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ጨበጥ አድርገው ይዩት፤ ከለሰለሰ ግፊት የለም። ክዳኑን ግን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ በፍጹም አይክፈቱ።

ክዳኑ ደኅና ከሆነ ቬንቲሌተሩን (ማራገቢያውን) ይፈትሹ። መሐሉ ላይ ያለው ክላች የሲሊከን ዘይት ይዟል፤ ዘይቱ ሲያልቅ ክንፉ ለይምሰል ብቻ ይዞራል። ሞተሩ ጠፍቶ ትኩስ እያለ በእጅ ሲያዞሩት ሊከብድ ይገባል። እየተንሸራተተ ሁለትና ሦስት ዙር ከሄደ ዘይቱ ይሞላ ወይም ክላቹ ይቀየር። በራዲያተሩና በክንፉ መካከል ያለው የፕላስቲክ ከለላ ከተሰበረ ወይም ከወለቀም አየሩ በራዲያተሩ ከማለፍ ይልቅ ዙሪያውን ይመላለሳል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መድኃኒት አይደለም። ያለ እሱ ሞተሩ ጠዋት ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ቁልቁለት ላይ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፣ ዘይቱ ይወፍራል፣ ሲሊንደሩም ይበላል። በድስት ሲሞክሩት የመክፈቻው ዲግሪ ራሱ ላይ ተጽፏል፤ 82 የሚል ከሆነ 82 ላይ መላወስ አለበት። ደሴ ላይ በድስት ውሃ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ባያዩት ግን «ሞቷል» አይበሉ፤ ብዙዎቹ እስከ መጨረሻ የሚከፈቱት ወደ 95 ዲግሪ ሲጠጉ ነው፣ ውሃዎ ደግሞ ከዚያ በፊት ፈልቷል።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ አሁንም ካፈላ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ከፍተው ያስነሡ። የማያቋርጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) አልፏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ውሃውን በተመለከተ፣ የቧንቧ ወይም የወንዝ ውሃ እየጨመሩ መክረም ራዲያተሩን በቅርፊት ይደፍነዋል፤ ግማሽ በግማሽ ኩላንትና የተጣራ ውሃ ይሙሉ።

ሐረጎን ስወርድ ፍሬኑ ይደክማል። ሸራ ቀይሬ እንኳ ያው ነው።

ሁለት ዓይነት ድካም አለ፤ ፔዳሉ ይነግርዎታል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው ግሏል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወደ ወለሉ ከወረደ ግን የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል፤ ሸራ በመቀየር ይህ አይድንም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ እርጥበት የገባበት ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ሲገባ 230፣ ሲያረጅ 155 ነው። ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ስለዚህ ክረምቱ እንደወጣ፣ ቢበዛ በየ2 ዓመቱ፣ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስወጥተው ዶት 4 ይሙሉ። አየር ሲያስወጡ ከዋናው ፓምፕ ከራቀው ጎማ ጀምረው ወደ ቀረበው ይምጡ፤ ከኋላ አክስሉ በላይ ያለችው ጭነት እያየች ግፊት የምታመጣጥነው ቫልቭም የራሷ ማስወጫ ካላት እንዳይዘልሏት።

ከኋላ ታምቡሩን ሲያወልቁ ውስጡን በደንብ ይዩ። ሸራው በዘይት ከራሰ፣ ቀጭን ሆኖ የፍሬን ዘይት የሚሸት ከሆነ ከጎማው ሲሊንደር የፈሰሰ ነው። ወፍራምና ጥቁር ሆኖ ሽታው የሚከረፋ ከሆነ ደግሞ የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ የአክስሉ ፓራውልዮ (ዘይት የሚያግደው ላስቲክ) አልፏል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም አይመለስም፤ የግራና የቀኙን አብረው ይቀይሩ። ታምቡር ቶርኖ ከማስገባትዎ በፊት ላዩ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ልክ ያንብቡ፤ ከዚያ ያለፈ ታምቡር ሙቀት አይችልም።

አነዳዱም የጥገናው አካል ነው። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረዱ። በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) መውረድ ነዳጅ አይቆጥብም፣ መኪናውን ሁሉ ለሸራው ይሰጠዋል። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ጨርሶ አይታሰብም፦ ለፍሬኑ አጋዥ ቫኩም የሚሠራው በሞተሩ የሚዞር ፓምፕ ነው፣ ሞተሩ ሲቆም ከሁለት ሦስት ርግጫ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚያንስ አጋዡ እዚያ ቀድሞውንም ጉልበቱ የቀነሰ ነው።

ከፊት ጎማዎች ጀርባ ጥቁር ቅባት ይፈስሳል፣ 60 ላይ ደግሞ መሪው ይርገፈገፋል።

ብዙ ጊዜ ሁለቱም ከአንድ ቦታ ይመጣሉ፦ መሪው ከሚዞርበት ኳስ፣ ናክል ከሚባለው። ቅባቱ እንደ ሾርባ ከቀጠነ ውስጠኛው ፓራውልዮ አልፎ የዲፈረንሻል ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል። ጥቂት ወፍራም ግሪስ በኳሱ ላይ መታየቱ ግን ችግር አይደለም፣ ደርቆ የዛገ ኳስ ነው የሚያሠጋው።

መርገፍገፉን ለመለየት ጎማውን በክሪክ ያንሡ፣ ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ። ነቅነቅ ካለ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልዎት። አሁን ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ነው። ካልጠፋ የኪንግ ፒኑ (ናክሉ የሚዞርበት ምሶሶ) ኩሽኔታ ነው። ከግራና ከቀኝ ይዘው ሲነቀንቁ ከሆነ የሚታየው የመሪ ዘንግ ጫፎችን ይጠርጥሩ። ይህን ሳያደርጉ የመሪ አሞርዛተር መቀየር በሽታውን መሸፈን ነው፤ ለጥቂት ወራት ይደብቀውና ብሶ ይመለሳል።

ናክሉ ሲፈታ ሦስት ነገር ላይ ይቁሙ። አንደኛ፣ ከኪንግ ፒኑ በላይና በታች ያሉት ስስ ልክ ማስተካከያ ቆርቆሮዎች የየጎናቸውና የየቦታቸው ናቸው፤ ተለይተው ይታሰሩ፣ ከተምታቱ ኳሱ መሐሉን ይስታል። ሁለተኛ፣ አክስሉ ተመልሶ ሲገባ በእጅ ቀና ተደርጎ ይያዝ። ጥርሱ በፓራውልዮው ከንፈር ላይ ከተጎተተ አዲሱ ፓራውልዮ በዚያው ቀን ያልፋል፣ «ቀይሬው በሳምንቱ ፈሰሰ» የሚባለውም ከዚህ ነው። ሦስተኛ፣ የሞሊብዲነም ግሪስ ይግባ፣ የኳሱን ሦስት አራተኛ ያህል። መሪ ተጠምዝዞ በአራቱም ሲነዳ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ጆይንት ካለ፣ ደወል የመሰለው ክፍል ከግራ ወደ ቀኝ ቢለዋወጥ ያልተበላው ፊቱ ይሠራና ዕድሜ ያገኛል።

የጎማውን ኩሽኔታ ማጥበቂያ ዳዶ በመዶሻና በሽብልቅ የሚመታ ጋራዥ ካለ መኪናዎን ይዘው ይውጡ። ባለ 54 ሚሊ ሜትር ሶኬት አለው። መጀመሪያ በ60 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል፣ ጎማው ወዲያና ወዲህ ይዞራል፣ ይላላል፣ ከዚያ በጣም በቀላሉ፣ በ5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይያዝና መቆለፊያው ዳዶ ይታሰራል። ጥቂት ከነዱ በኋላ ሃቡን ይዳስሱ፤ እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ጠብቋል።

የታይሚንግ ቺንጊያው መቼ ይቀየራል? የዳሽቦርዱ ማስጠንቀቂያ መብራት አልበራም።

በ100,000 ኪሎ ሜትር። መብራቱ የሚቆጥረው በኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ነው፤ ቆጣሪው ቆሞ ከነበረ ወይም ወደ ኋላ ከተመለሰ መብራቱም አብሮ ይዋሻል። ታሪኩ የማይታወቅ መኪና ከሆነ ወዲያው ይቀይሩ፤ ቢበጠስ ፒስተኑ ቫልቮቹን ያገኛቸዋል።

ደግነቱ በዚህ ሞተር ላይ ሥራው ቀላል ነው። የናፍጣ ፓምፑ በጥርስ ነው የሚዞረው፣ ቺንጊያው ከፓምፑ ፑሊ ወደ ካምሻፍቱ ብቻ ስለሚሄድ የክራንኩ ፑሊ አይወልቅም። ባትሪ ይፈታል፣ ሽፋኑ ይነሣል፣ ሞተሩ በእጅ እየዞረ ምልክቶቹ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፣ መወጠሪያው ይላላል፣ አሮጌው ይወጣል። ሮለሩን በጣት ያዙሩት፤ ከጮኸ ወይም ከቆረቆረ አብሮ ይቀየር። አሮጌው ቺንጊያ ዘይት ከነካው የካምሻፍቱ ፓራውልዮም ይቀየር፣ አለዚያ አዲሱን ይበላዋል። ከገጠሙ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው ምልክቶቹን እንደገና ሳያዩ ቁልፍ አያዙሩ። ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጽፈው ሽፋኑ ላይ ይለጥፉ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ደሴ አይነሣም፤ ከተነሣም ነጭ ጭስ ያወጣል። ኮምቦልቻ ሲያድር ችግር የለበትም።

የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ናቸው ብለው ይጀምሩ። አየሩ ቀዝቃዛም ስስም ስለሆነ ሲታመቅ የሚፈጥረው ሙቀት ያንሳል፤ ኮምቦልቻ በሦስት ካንዴላ የሚነሣ ሞተር ደሴ ላይ ስድስቱንም ይፈልጋል። የሚያገናኛቸውን ዘንግ ፈትተው እያንዳንዱን በመልቲሜትር ይለኩ፦ ደኅናው ወደ 1 ኦም የተጠጋ ያሳያል፣ የሞተው ምንም አያሳይም። ስድስቱም ደኅና ከሆኑ ቁልፉ ሲከፈት ዘንጉ ላይ ኤሌክትሪክ መድረሱን ይፈትሹ፤ ሪሌው ሊሆን ይችላል።

ከሞቀ በኋላ የሚጠፋ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ከሞቀም በኋላ የማይጠፋና ውሃ የሚያጎድል ከሆነ ግን ወደ ጓርኒሲዮን ይሂዱ። ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል የሞተር ዘይት ነው። ጥቁር ደግሞ ከአየሩ የበለጠ ናፍጣ ነው፤ የጉጉፍቱን ዳገት ሲወጡ ጥቂት ጥቁር ቢታይ የከፍታው ነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ያራግፉ።

ጉልበት አነሰኝ። ናፍጣውን ላስጨምር ወይስ ተርቦ ላስገጥም?

ናፍጣ ማስጨመር፣ አይሆንም። ደሴ ላይ ያለው አየር ሩብ ያህል ያንሳል፤ የጎደለው አየር ሆኖ ሳለ ናፍጣ ቢጨመር የሚገኘው ጭስና ሙቀት ነው። አስቀድሞ የቫልቭ ልኩ ይታይ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ማስገቢያው 0.15–0.25፣ ማስወጫው 0.35–0.45 ሚሊ ሜትር። ኢንጀክተሮቹም በመሞከሪያ ላይ ይታዩ። ብዙ ጊዜ የጠፋው ጉልበት እዚያ ይገኛል።

ተርቦን በተመለከተ፣ ይህ ሞተር ለተርቦ አልተሠራም፤ ናፍጣው መጀመሪያ የሚቃጠለው ቴስታታው ውስጥ ባሉ ትንንሽ ክፍሎች ነው፣ ከመጠን በላይ ሙቀት ሲያገኛቸው ይሰነጠቃሉ። ይሁንና በደሴ ከፍታ የጎደለው ግፊት 0.25 ባር ያህል ነው፣ እሱን መመለስ ብቻ መኪናውን የቆላ መኪና ያደርገዋል። ቁርጥ ካደረጉ ከ0.5 ባር አይለፉ፣ ከተርቦው በፊት የጭስ ሙቀት መለኪያ ይግጠሙ፣ 650 ዲግሪ ሲደርስ እግርዎን ያንሡ። መለኪያ ለመግዛት የማይደርስ በጀት ለተርቦም አይደርስም።

ሞተሩ እየነዳሁ ይንገጫገጫል፣ ይጠፋል።

በጀሪካንና በበርሜል የተቀዳ ናፍጣ ከሆነ ውሃ ነው። ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ አላልተው ዕቃ ይደግኑባት፣ ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እየተጫኑ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ያፍስሱ፣ ይዝጉ፣ ፓምፑ እስኪጠነክር ይጫኑ። ፊልትሮውን በየ10,000 ኪሎ ሜትር ይቀይሩ።

መኪናውን ምን ያህል ከፍ ላድርገው?

እስከ 5 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ በላይ የካርዳኑ መስቀል ጆይንት አንግል ይበዛል፣ የፍሬን ቱቦዎች ይወጠራሉ፣ መኪናውም በጠመዝማዛ ላይ ይወዛወዛል። እዚህ አካባቢ የተለመደው ባሌስትራ ላይ ቅጠል መጨመር ነው። ርካሽ ቢሆንም ባዶውን ሲሄድ ወገብ ይሰብራል፣ የወረኢሉ መንገድ ኮረኮንች ላይ ጎማው መሬት አይዝም። የነበሩትን ቅጠሎች አስወጥሮ ቦኮላዎቹን (ጫፎቹ ላይ ያሉትን ላስቲኮች) መቀየር ይሻላል። ስታፋዎቹ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ቡሎኖች) አዲስ ይሁኑ፣ አንዴ የተወጠረ ስታፋ ተስቧልና፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይጥበቁ።

ሁሉም የሚረሳው ከላይ የጠቀስናትን የፍሬን ግፊት ማመጣጠኛ ቫልቭ ነው። መኪናው ከፍ ሲል ቫልቯ «ጭነት የለም» ብላ ለኋላው ፍሬን ግፊት ትቀንሳለች። ዘንጓ በዚያው ልክ ካልተስተካከለ ሐረጎን የሚወርዱት በፊት ፍሬን ብቻ ነው።

ከ7.50አር16 ወደ ሰፊ ጎማ መቀየር እፈልጋለሁ።

265/75አር16 ቁመቱ ከ7.50 ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል፣ ፍጥነት መለኪያውም ማርሹም አይዛባም። 285/75 በ3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ 315/75 ግን ወደ 9 ከመቶ ስለሚጨምር በዚህ ከፍታ አራተኛ ማርሽን ዳገት ላይ ያጡታል። የድሮው ባለ ቀለበት ቸርኬ ለ265 ይጠብበታል፣ 7 ኢንች ቸርኬ ያስፈልጋል።

ባለ ቀለበቱን ይዘው ከቀጠሉ፣ ሲነፋ ማንም ፊት ለፊቱ አይቁም፤ ቀለበቱ ቦታውን ካልያዘ ሰው ይገድላል። ጭቃ ላይ ነፋሱን ከቀነሱም ከ20 ፒኤስአይ አይውረዱ፣ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የውስጡን ጎማ ቫልቭ ይቆርጣል።

ክረምት ላይ ወንዝ ለመሻገር ስኖርክል (ከፍ ብሎ የቆመ የአየር መሳቢያ ቱቦ) ይበቃኛል?

ስኖርክል የተባለ ሁሉ ውሃ አይከለክልም። ሞተሩን አስነሥተው አፉን በጠፍጣፋ እንጨትና ላስቲክ ይድፈኑት፤ ታፍኖ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ በሌላ በኩል ይተነፍሳል፣ በዚያው ውሃ ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ የሚያሾልከው ከኮፈኑ ሥር ያለው የቱቦ መገናኛ ነው።

የዲፈረንሻል መተንፈሻዎቹን አይርሱ። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ወንዝ ሲገባ አየር ይስባል፣ መተንፈሻው ከተደፈነ በፓራውልዮው በኩል ውሃ ይጠጣል። በናፍጣ ቱቦ አስረዝመው ኮፈኑ ሥር ያውጧቸው፤ ከሁሉም ማሻሻያ ርካሹና ጥቅመኛው ይህ ነው። ከወንዝ ከወጡ በኋላ ዘይቱ ነጥቶ ከታየ ያንኑ ዕለት ይቀየር። ቦርከና ደፍርሶ ሲመጣ ግን ስኖርክልም አያሻግርም፣ መጠበቅ ነው።

ተጨማሪ መብራት?

ሁለት ባለ 55 ዋት መብራቶች ወደ 9 አምፔር ይስባሉ። ከባትሪው በ15 አምፔር ፊውዝና በሪሌ፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ። ከነባሩ የመብራት ሽቦ ላይ ከተቀጠለ ማብሪያው ይቀልጣል።

በባቲ በኩል አፋር ደርሼ እመለሳለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

አቧራና ጨው። የአየር ፊልትሮውን በየምልልሱ ያውጡ። አፍዴራ ከደረሱ የሻንሲውን ውስጥና ከበሩ ሥር ያሉትን ቀዳዳዎች ሳያዘገዩ በብዙ ውሃ ያስጥቡ፤ ላዩ የሚያብረቀርቅ መኪና ወለሉ ምንጣፍ ሥር ተበልቶ ይገኛል። 75 ላይ የጣሪያው አሸንዳና የፊት መስታወቱ ፍሬም መጀመሪያ ይዝጋሉ።

ሞተሩ አለቀ፤ ሌላ ሞተር ልቀይር?

የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ሊብሬው ላይ ይሰፍራሉ። ሕጋዊ የግዢ ሰነድ የሌለው ሞተር አይግዙ፤ ከመግጠምዎ በፊትም መኪናው የተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ሄደው የሚፈልገውን ወረቀት ይጠይቁ፣ ያለዚያ ዓመታዊ ምርመራው ላይ ይያዛል። ከመቀየርዎ በፊት ግን ኮምፕረሽኑን በስድስቱም ሲሊንደር ያስለኩ። አንዱ ብቻ ወርዶ ከተገኘ የቫልቭ ወይም የጓርኒሲዮን ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ ቴስታታ በማውረድ ይድናል። ስድስቱም እኩል ከወረዱ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ሲሊንደር ነው። ቁጥሩን ሲያነቡ ደሴ ላይ የተለካ ኮምፕረሽን በመጽሐፉ ካለው ሩብ ያህል ሊያንስ እንደሚችል ለመካኒኩ ይንገሩት፤ ደኅና ሞተር በዚህ ምክንያት አይፈታ።